«ኢንሻአላህ» የተባለለት መሳቢያ



ባለፈው ረመዷን አንድ ሌሊት ለሱሁር ተነስተን፣ ባለቤቴ ማንኪያ ልታወጣ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ስትስበው ወልቆ እግሯ ላይ ወደቀ። መበላሸቱን ከነገረችኝ ዓመት ሊሞላው ነበር። በነገረችኝ ቁጥር «ኢንሻአላህ» እላት ነበር። መስጊድ ውስጥ ይህ ቃል ቁርጥ ሐሳብ ላለው ሰው ነው እያልኩ አስተምራለሁ፤ ቤቴ ውስጥ ግን ማዘግያ አድርጌው ኖሯል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስም ለሶላት ይወጡ እንደነበር መመለሳቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ!

እግሯ ሦስት ቀን አበጠ። እኔም በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ከልጄ ጋር መሳቢያዎቹን ፈታሁ።

ካቢኔታችን ቺፕውድ ነው። የእንጅባራን ክረምትና ጭጋግ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ላይ የድስት እንፋሎት አለ። ቺፕውድ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ብሎን የገባበት ቀዳዳም ይፈረፈራል። የእኛም ሐዲድ ዘሞ ኩሽኔታው ረግፏል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ለዒድ ካቢኔቱን በሙሉ ልቀይር ይላል። ሳጥኑ ደህና ከሆነ ግን መሳቢያውንና ሐዲዱን መቀየር ይበቃል፤ ሌላው ብክነት ነው።

ሐዲዱን ዳንግላ ሄጄ ገዛሁ። ባለኩሽኔታው በ35፣ በ40፣ በ45 እና በ50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይገኛል። የካቢኔቱን ጥልቀት ከውስጥ ለኩ፤ 48 ከሆነ 45ቱን ግዙ።

የተሳሳትኩት በወርዱ ነው። የካቢኔቱ ክፍት ቦታ 40 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አዲሱን መሳቢያ 39 አድርጌ ከዋንዛ ጣውላ ገጣጠምኩት። አልገባም። ልጄ ሐዲዱን ለካና «አባ፣ አንዱ ብቻ እኮ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ደግሞ ሁለት ጎን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የዚህ ሐዲድ ውፍረት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። መሳቢያው ከክፍቱ ቦታ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መጥበብ አለበት፤ የእኛው 37.4 መሆን ነበረበት። ባለቤቴ «የውርስ ድርሻ ሲያካፍል የሚውል ሰው ሁለት ጎን መቁጠር አቃተው» ብላ ሳቀችብኝ።

እንደገና ስንቆርጥ ልጄ፣ ብናኙ ጾሜን ያፈርሳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳይፈልጉት የገባ ብናኝ ጾም አያፈርስም። ቢሆንም አፍና አፍንጫውን በጨርቅ አሰርኩለት። ከተራዊህ በኋላ ግን መዶሻ አታንሱ፤ ጎረቤት ይተኛል።

የተፈረፈሩትን ቀዳዳዎች ኮላ በተቀባ የእንጨት ስንጥር ሞልተን አሳደርናቸው። ሐዲዱ ጥቁሯን የፕላስቲክ ምላስ ስትጫኑ ለሁለት ይለያያል፤ ቀጭኑ መሳቢያው ላይ፣ ሰፊው ካቢኔቱ ላይ ይታሰራል። የግራና የቀኙን ከፍታ በውኃ ልክ አስተካክሉ። መጀመሪያ ሞላላዎቹ ቀዳዳዎች ላይ ሁለት ሁለት ብሎን ብቻ አስራችሁ ስባችሁ ሞክሩ፤ ካልተስተካከለ ማንቀሳቀስ የምትችሉት ያኔ ነው። ብሎኑ ከቺፕውዱ ውፍረት ይጠር፤ አለዚያ በሌላው በኩል ይወጣል።

ባለቤቴ መሳቢያውን ስባ መለሰችው፤ ደግማም ሳበችው። ከዚያ የላይኛው በር ማጠፊያም መላላቱን ነገረችኝ። እሱን በዚያው ምሽት ከኢፍጣር በፊት አጠበቅኩት።