ጀልባ የጫነ ተሳቢ በመንገድ ላይ የሚወዛወዝበት ምክንያትና መከላከያው

ባለሞተር ጀልባ ወደ ጣና ወይም ወደ ላንጋኖ ለማድረስ የሚያስብ ነጋዴ የጀልባውን ዋጋ፣ ቀረጡንና የመርከብ ኪራዩን አስቀድሞ በሚገባ ያሰላል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ፣ ጀልባው በትንሽ ተሳቢ ላይ ተጭኖ በፒካፕ እየተጎተተ ሲሄድ፣ ንብረቱን ከነሾፌሩ ሊያጠፋ የሚችል አንድ አደጋ አለ፤ ይኸውም ተሳቢው በድንገት ጅራቱን ግራና ቀኝ እየወረወረ መወዛወዝ መጀመሩ ነው። የዚህ ነገር ምክንያት ከሾፌሩ ይልቅ ጭነቱን የሚያስጭነውን ሰው የሚመለከት ስለሆነ፣ ለአንባቢዎቻችን ዘርዘር አድርገን ለመግለጽ እንወዳለን።

ተሳቢ በተገለበጠ ጊዜ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በነፋስ፣ በመንገዱ ጉድጓድ ወይም በአጠገቡ ባለፈ ካሚዮን ይሳበባል። እነዚህ ግን መወዛወዙን የሚቀሰቅሱ እንጂ የሚያሳድጉት አይደሉም። ተሳቢው ከጎታቹ ጋር የሚገናኘው በአንድ መንጠቆ ብቻ ስለሆነ፣ ከጎን ሲገፋ በር በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር በመንጠቆው ላይ ይዞራል፤ ጎማዎቹም መሬቱን ይዘው ወደ መስመሩ ይመልሱታል። ፍጥነቱ አነስተኛ በሆነ ጊዜ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ካለፈው እያነሰ ሄዶ ይቆማል። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ቶሎ አይሞትም፤ ከአንድ ወሰን ላይ ሲደርስ ጨርሶ አይቀንስም፤ ያን ወሰን ካለፈ ደግሞ እያንዳንዱ ምት ከፊተኛው እየበረታ ይሄድና ተሳቢው የጎታቹን ጅራት ይዞ ይገለበጣል። ስለዚህ «እስከ አሁን በሰላም መጥቻለሁ» የሚለው የሾፌር ቃል ዋስትና ሊሆን አይችልም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ እንደ በግ የተከተለ ተሳቢ በ85 ሊያብድ ይችላል።

ያ ወሰን ከፍ ወይም ዝቅ የሚለው ከሁሉ ይበልጥ በጭነቱ አቀማመጥ ነው። በእንግሊዝ አገር የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በመንጠቆው ላይ የሚያርፈው ክብደት፣ የአክስሉ ቦታና የጭነቱ አበታተን ለተሳቢው መረጋጋት ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው በሙከራ አሳይተዋል። ከባዱ ነገር ወደ አክስሉ ሲሰበሰብ ተሳቢው ይረጋጋል፤ ወደ ጫፍና ጫፍ፣ በተለይም ወደ ኋላ ሲሸሽ ይታወካል። በአሜሪካ የተለመደው ደንብ ከተሳቢውና ከጭነቱ ጠቅላላ ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ የሚሆነው በመንጠቆው ላይ ይረፍ የሚል ነው። በአውሮፓ ከመቶ ከ5 እስከ 7 እጅ ይበቃል ይባላል፤ ነገር ግን እዚያ ተሳቢ የሚጎትት መኪና ፍጥነቱ የተገደበ መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ በጀርመን አገር መደበኛው ወሰን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው። ቁልቁለት ለሚበዛበት ለኛ አገር መንገድ፣ መንጠቆውና ፒካፑ የሚችሉት እስከ ሆነ ድረስ፣ ከመቶ 10 እጁን መያዝ ይሻላል እንላለን።

ጀልባ ከሌላ ጭነት የሚለየው ከባዱ ሞተር በጭራው ላይ የሚንጠለጠል በመሆኑ ነው። ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ተሳቢው 300 ኪሎ፣ ጀልባው ያለ ሞተር 800 ኪሎ፣ በጠቅላላው 1100 ኪሎ ይሁን፤ ከዚህም 110 ኪሎው በመንጠቆው ላይ ይረፍ። ይህ የተስተካከለ ጭነት ነው። አሁን 100 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ከአክስሉ 3 ሜትር ወደ ኋላ ይሰቀል፤ መንጠቆውም ከአክስሉ 4 ሜትር ወደ ፊት ነው እንበል። ሞተሩ ከመንጠቆው ላይ 75 ኪሎ ያነሣል። ጠቅላላው ክብደት ወደ 1200 ኪሎ ከፍ ሲል በመንጠቆው ላይ የሚቀረው 35 ኪሎ ብቻ፣ ማለት ከመቶ 3 እጅ እንኳ የማይሞላ ነው። ዓይን ይህን አያየውም፤ ጀልባው እንደ ቀድሞው አምሮ ተቀምጧል። ሾፌሩ በዚያ ላይ ቦታ ተገኘ ብሎ የቤንዚን ጀሪካኑን፣ መልሕቁንና ጓዙን በጀልባው ጭራ ውስጥ ከጨመረ ነገሩ ይብሳል።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። የጀልባው አፍንጫ የሚደገፍበት ምሰሶ ተፈቶ ወደ ፊት ይገፋና ጀልባው ከነሞተሩ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢሳብ፣ በመንጠቆው ላይ 90 ኪሎ ይጨመርና 125 ኪሎ ይሆናል። ጓዙ ከአክስሉ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ወደ ፊት ይቀመጥ። በጀልባው ሆድ የቀረ ውኃም ቡሹ ተነቅሎ ይፍሰስ፤ 50 ሊትር ውኃ 50 ኪሎ ነው፤ ያውም በየኩርባው ቦታውን የሚለውጥ 50 ኪሎ።

ክብደቱን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እህል ወይም ቡና የሚነግድ ሰው በመጋዘኑ ያለው ባስኩላ ይበቃል። ተሳቢው በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ፤ ከፒካፑ ይፈታና የመጎተቻው ብረት ጫፍ በባስኩላው ላይ በቆመ ጉማጅ እንጨት ላይ ይረፍ። የጉማጁ ክብደት ከተነበበው ላይ ይቀነስ፤ ከፍታውም ከፒካፑ መንጠቆ ከፍታ ጋር እኩል ይሁን፤ ጫፉ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ቁጥሩ ያታልላል። የመጎተቻው ብረት ሲፈታ በራሱ ወደ ላይ የሚነሣ ከሆነስ መመዘንም አያሻም፤ ጭነቱ እንደገና ይደልደል።

የጎማው ነፋስ መጉደል፣ የኩሽኔታው መላወስና የባሌስትራው ቡሎን መላላት ችግሩን ያባብሳሉ፤ እነዚህን ማንኛውም ጋራዥ ያያቸዋል። መወዛወዝን ይገታል ተብሎ በመጎተቻው ላይ የሚገጠም የብረት ክንድም በገበያ አለ። ይጠቅማል፤ የተዛባ ጭነትን ግን አያቃናም።

ተሳቢ ከውጭ አገር የሚያስመጡ ነጋዴዎች ትእዛዝ ሲጽፉ ባዶ ክብደቱን፣ የሚፈቀድለትን ጠቅላላ ክብደትና በመንጠቆው ላይ የሚፈቀደውን ክብደት በጽሑፍ እንዲጠይቁ፣ የአፍንጫው ምሰሶ የሚንቀሳቀስና ለተሳቢው የራሱ ፍሬን ያለው እንዲሆን እንመክራለን። በጂቡቲ መንገድ የምናያቸው በፊትም በኋላም አክስል ያላቸው ትልልቅ ተሳቢዎች ግን የፊት ጭነታቸውን በራሳቸው አክስል ስለሚሸከሙ ይህ የመንጠቆ ስሌት እነርሱን አይመለከትም።

መወዛወዙ ከጀመረ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያንሣ፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይያዝ። ውዝዋዜውን በመሪ ለማረም መሞከር ምቱን ያባብሰዋል፤ የፒካፑን ፍሬን በኃይል መርገጥም ተሳቢው ከኋላ እንዲገፋ ያደርጋል። የተሳቢው ፍሬን ለብቻው የሚያዝ ከሆነ እርሱን ብቻ ቀስ አድርጎ መያዝ መልካም ነው።

ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ጀልባ የሚፈተነው በዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱ ፍጥነት ይጨምራል፤ ተሳቢውም መጎተቱን ትቶ መግፋት ይጀምራል። ስለዚህ ሾፌሩ ከቁልቁለቱ በፊት በጎሐ ጽዮን ይቁም፤ የጀልባውን ማሰሪያ ያጥብቅ፤ የተሳቢውን ጎማዎች መሐል በእጁ ዳስሶ አለመጋላቸውን ይወቅ፤ ከዚያም መውረድ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገብቶ በዚያው እስከ ድልድዩ ይውረድ።