«መጣ» እና «መጥቷል»፦ በኔትወርክ ለውጥ ስለሚቀሰቀሱ ረዣዥም የትእዛዝ ጽሑፎች የስያሜ ማብራሪያ

በሾላ ገበያ፣ ከእህል ተራው እስከ ቅቤና ቅመም መሸጫው ድረስ፣ በየዕለቱ ከሚደጋገሙት ዐረፍተ ነገሮች አንዱ «ኔትወርክ መጣ» የሚለው ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪ ሆኖ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፣ ሻጭና ገዥ ሒሳባቸውን በስልክ መተሳሰብን ስለ ለመዱ፣ የኔትወርክ መምጣትና መጥፋት የገበያው የዘወትር ወሬ ሆኗል። ነጋዴው «መጣ» ሲል የሰማ ገዥ ስልኩን ከኪሱ እስኪያወጣ ድረስ ኔትወርኩ ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል። እንዲህም ሆኖ ነጋዴውን ዋሸ የሚለው የለም፤ የተናገረው በዚያች ቅጽበት የሆነውን ነውና። «ኔትወርክ መጥቷል» ብሎ ቢሆን ኖሮ ግን ገዥው የሚከራከርበት ምክንያት ያገኝ ነበር።

ይህ ትንሽ የሚመስል የሰዋስው ነጥብ የኮምፒዩተር መመሪያዎችን ወደ አማርኛ በሚመልሱ ተርጓሚዎች ሥራ ላይ ከባድ ስሕተት ሊያስከትል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በኔትወርክ ለውጥ የሚቀሰቀሱ የትእዛዝ ጽሑፎችን፣ በተለይም ሥራቸው ረዥም ጊዜ የሚወስደውን ነው። የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ሲታተም ይህ አሠራር ዛሬ ባለው መልኩ ገና ስላልነበረ፣ ስያሜዎቹን ከዚያ መቅዳት አይቻልም። ስለዚህ አስቀድመን ነገሩን፣ ቀጥለንም ቃላቱን እንመረምራለን።

1. የነገሩ ምንነት

ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት በሚሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የኔትወርክ ግንኙነትን የሚቈጣጠረው «ኔትወርክ ማናጀር» የሚባለው ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም በሬድ ሃት ኩባንያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ግንኙነት ሲፈጠር፣ ሲቋረጥ ወይም ጠባዩ ሲለወጥ፣ ፕሮግራሙ ለውጡን ለአንድ ረዳቱ ያስታውቃል። ረዳቱም ለዚሁ በተለየ ማኅደር ውስጥ የተቀመጡትን የትእዛዝ ጽሑፎች በስማቸው ፊደል ተራ እየጠራ ያስኬዳቸዋል። ለእያንዳንዱም ሁለት ነገር ይነግረዋል፤ አንደኛው ለውጡ የደረሰበት የመገናኛ በር ስም፣ ሁለተኛው የሁነቱ ዐይነት ነው። የትእዛዝ ጽሑፉ ባለቤት የኮምፒዩተሩ የበላይ ተጠቃሚ መሆን አለበት፤ ሌላ ሰው ሊጽፍበት የሚችል ከሆነም ረዳቱ አያስኬደውም።

ጥቅሙን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ በሾላ ገበያ መደብር ያለው አንድ የእህል ነጋዴ የዕለት ሽያጩን መዝገብ ሌላ ሰፈር ወዳለው መጋዘኑ በኮምፒዩተር ይልካል እንበል። መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ወይም ከገመድ መስመር ወደ ተንቀሳቃሽ ኔትወርክ ሲዛወር፣ መላኩን ሰው ሳያስታውሰው ኮምፒዩተሩ በራሱ እንዲጀምር ይፈልጋል። «ግንኙነት ሲመጣ መዝገቡን ላክ» የሚል የትእዛዝ ጽሑፍ በማኅደሩ ውስጥ ቢያስቀምጥ አሳቡ የተፈጸመ ይመስላል።

2. ርዝመት ለምን ችግር ይሆናል?

መዝገቡ አነስተኛ ሲሆን ሥራው በጥቂት ሰኮንዶች ያልቃል፤ ችግርም የለም። የዓመት መዝገብ፣ የደረሰኝ ሥዕል ሁሉ ሲጨመርበት ግን መላኩ ሰዓታት ይፈጃል። ረዳቱ ደግሞ የትእዛዝ ጽሑፎቹን የሚያስኬደው አንዱ ሲጨርስ ሌላውን እየተካ ነው። እንግዲህ አንዱ ረዥም ጽሑፍ ከኋላው ያሉትን ሁሉ ያስጠብቃል። ከዚህም በላይ ከተወሰነው ጊዜ ያለፈውን ጽሑፍ ረዳቱ በኀይል ያስቆመዋል። የነጋዴው መዝገብ እኩሌታው ሄዶ እኩሌታው ይቀራል፤ እርሱ ግን ሁሉም እንደ ደረሰ አምኖ ያድራል። አደጋው ሥራው አለመጀመሩ አይደለም፤ ተጀምሮ ሳያልቅ መቅረቱና ይህም አለመታወቁ ነው።

መፍትሔውን ለመረዳት ከገበያው አጠገብ ያለ ወፍጮ ቤትን ማሰብ ይበቃል። እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው ሦስት ምርጫ አለው። አንደኛው ራሱ ቆሞ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ልጁን በተራው ላይ አቁሞ ወደ ጉዳዩ መሄድ ነው። ሦስተኛው እህሉን ለባለ ወፍጮው አስረክቦ መሰናበት ነው። በሁለተኛው ምርጫ ልጁ አሁንም የአባቱ ቤተ ሰብ ነው፤ «እነ እገሌ ይውጡ» ቢባል አብሮ ይወጣል። በሦስተኛው ምርጫ ግን የእህሉ ኀላፊነት ወደ ሌላ እጅ ተላልፏል፤ ያስረከበው ሰው ቢሄድም ባይሄድም መፍጨቱ ይቀጥላል።

በኮምፒዩተሩም እንዲሁ ነው። የኔትወርክ ማናጀር መመሪያ፣ ሥራው ረዥም ሊሆን የሚችል የትእዛዝ ጽሑፍ ልጅ ሂደት ወልዶ ራሱ ወዲያው እንዲጨርስ ይመክራል፤ ይህ ሁለተኛው ምርጫ ነው። ነገር ግን መሣሪያዎች ሲሰኩና ሲነቀሉ ትእዛዝ የሚቀሰቅሰው «ዩዴቭ» የተባለው ሌላ ሥርዓት ይህን አይፈቅድም። የኔትወርክ ካርድ ሲሰካ በዩዴቭ ሕግ የተቀሰቀሰ ሥራ የወለዳቸው ልጆች፣ ከወላጃቸው ቢለዩም ባይለዩም፣ ሁነቱ እንዳለቀ ያለ ምሕረት ይወገዳሉ፤ ሁነቱም ራሱ ሌላ መመሪያ ካልተሰጠ በቀር ከ180 ሰኮንድ በላይ አይታገሥም። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ሦስተኛው ምርጫ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሥራውን «ሲስተምዲ» ለሚባለው የአገልግሎቶች አስተዳዳሪ ማስረከብ ነው። የትእዛዝ ጽሑፉ አገልግሎቱ እንዲጀመር ይጠይቃል፤ መልሱን ሳይጠብቅም ይሰናበታል።

እንግዲህ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምርጫ በአንድ ቃል «ከጀርባ ማስኬድ» ብሎ የሚተረጕም ሰው፣ ለአንዱ ሥርዓት ትክክል የሆነውን ምክር ለሌላው ስሕተት ያደርገዋል። አንባቢው የተባለውን በታማኝነት ይፈጽማል፤ ሥራው ግን መካከል ላይ ይቀራል።

3. ስለ ቃላቱ

ኔትወርክ። «መረብ»፣ «አውታር» እና «አውታረ መረብ» የተባሉት ስያሜዎች በጽሑፍ ተለምደዋል፤ «በይነ መረብ»ም ከዚሁ ወጥቷል። በንግግር ያሸነፈው ግን «ኔትወርክ» ነው። ይህ ሊያስደነግጠን አይገባም። «ስልክ» በመነሻው ሽቦ ማለት የሆነ የዐረብኛ ቃል ሲሆን፣ ዛሬ ሽቦ የሌለውን መሣሪያ ያለ ተቃውሞ ይጠራል። እኛም በዚህ ጽሑፍ «ኔትወርክ»ን እንይዛለን፤ «አውታረ መረብ»ን ለመደበኛ ሰነድ እንተዋለን።

ሼል። ይህን ስያሜ ለኮምፒዩተር የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ፈረንሳዊው ሉዊ ፑዛን ነው። «ዛጎል» ብሎ መተርጐም ባሕርን ያስታውሳል እንጂ ነገሩን አይገልጥም። አሳቡ የእህል ነው፤ ውስጠኛው የሥርዓቱ እምብርት ፍሬ ሲሆን፣ ተጠቃሚው የሚነካው የውጭ ልባስ ነው። ስለዚህ «ገለፈት» በምስሉ የቀረበ ነበር። ሆኖም የሾላ እህል ሻጭ ገለፈትን የሚያውቀው በወንፊት ተለይቶ እንደሚጣል ነገር ነው፤ ሼል ግን የሚጣል አይደለም። በዚህ ምክንያት «ሼል» እንዳለ ይቆይ፤ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «ትእዛዝ ተቀባዩ ልባስ» ተብሎ ይብራራ እንላለን። «ስክሪፕት» ግን የፊልምንና የተውኔትን ጽሑፍ ስለሚያመለክት፣ ለዚህኛው «የትእዛዝ ጽሑፍ» የተሻለ ነው።

መቀስቀስ። የጠመንጃውን «ቃታ» ለዚህ ማዋል የእንግሊዝኛውን ምስል ተሸክሞ መምጣት ነው። በእኛ ቋንቋ ተኝቶ የሚጠብቅን ነገር የሚያስነሣው መቀስቀስ ነው፤ ስለዚህ «ቀስቃሽ ሁነት» እና «ተቀስቃሽ ጽሑፍ» ይበቃሉ።

አሰማሪ። ጽሑፎቹን በተራ ለሚያስኬደው ረዳት በመጀመሪያ ያሰብነው «ተራ አስከባሪ» ነበር፤ በአቅራቢያው ባለው በመገናኛ የታክሲ ማቆሚያ ዘወትር የሚሰማ ቃል ነውና። ይሁን እንጂ ሳይጠብቁ ጐን ለጐን ለሚሄዱ ጽሑፎች የተለየ ንኡስ ማኅደር አለ፤ በዚያ የሚያልፉትም በተራ አይገዙም። «አሰማሪ» ሁለቱንም ስለሚያቅፍ እርሱን መርጠናል።

ማስኬድ። «ማሮጥ» የባዕድ ቃል ጥሬ ፍች ነው። ሥራ፣ ስብሰባ፣ ጉዳይ እንደሚያስኬዱ ሁሉ የትእዛዝ ጽሑፍም ይካሄዳል። ነገር ግን «ኔትወርክ ሄደ» ማለት በገበያው ጠፋ ማለት ስለ ሆነ፣ «ኔትወርኩ ሲሄድ ጽሑፉን አስኪድ» የሚለው ዐረፍተ ነገር አንባቢን ያሳስታል። ለኔትወርክ «መጣ» እና «ጠፋ»ን ብቻ እንጠቀም።

ጓዳ። «ከጀርባ» ተንኰልን ያሸትታል። «ወደ ጓዳ ማሳለፍ» ለሁለተኛው ምርጫ ይስማማል፤ ጓዳ ከዋናው ክፍል ቢለይም የዚያው ቤት ነውና፣ ቤቱ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ለሦስተኛው ምርጫ «ማስረከብ» ይሁን። «አሳልፎ መስጠት» ክሕደትን ስለሚያሰማ አይሆንም።

መቅጨት። ጊዜው አልፎበት በኀይል የሚቆም ሥራ «ተቋረጠ» ከተባለ፣ ቆይቶ ከተቋረጠበት የሚቀጥል ይመስላል። አይቀጥልም። ሳያልቅ ለቀረ ነገር «በአጭር ተቀጨ» እንላለንና፣ «ይቀጫል» የሚለው ግሥ ነገሩን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይገልጣል።

4. ግሡና ጊዜው

አሁን ወደ ተነሣንበት ነጥብ እንመለስ። አሰማሪው አንድ ጊዜ በተራ ያስገባውን ጽሑፍ፣ በኋላ የመጣ ሁነት ቢሽረውም እንኳ፣ ማስኬዱን አይተውም። ኔትወርኩ መጥቶ ወዲያው ቢጠፋ፣ የመምጣቱ ጽሑፍ ከመጥፋቱ በኋላ ሊካሄድ ይችላል። እንግዲህ ለጽሑፉ የሚነገረው ቃል ያለፈ ድርጊት ወሬ እንጂ የአሁን ኹኔታ ምስክርነት አይደለም። አማርኛ ይህን ልዩነት በግሡ ቅርጽ ያውቀዋል፤ «መጣ» ድርጊቱን ሲተርክ፣ «መጥቷል» ውጤቱ እስከ አሁን እንዳለ ያመለክታል። «ኔትወርኩ መጥቷልና መዝገቡን ላክ» ብሎ የተረጐመ ሰው አንባቢውን ያለ ማረጋገጫ ያሰማራዋል። «ኔትወርኩ መጣ ተብሏል፤ አሁንም መኖሩን አረጋግጠህ መዝገቡን ላክ» ያለው ግን ከነጥንቃቄው አስተላልፎለታል።

ከዋናዎቹ ሁነቶች አራቱን በአማርኛ ግሥ ማሰለፍ ይቻላል፤ «ሊመጣ ነው»፣ «መጣ»፣ «ሊጠፋ ነው»፣ «ጠፋ»። በ«ሊመጣ ነው» ጊዜ የሚካሄድ ጽሑፍ እስኪጨርስ ድረስ ኔትወርክ ማናጀር ግንኙነቱ መሙላቱን ለሌሎች ፕሮግራሞች አያስታውቅም፤ በዚህ ቦታ የተቀመጠ ረዥም ሥራ ግንኙነቱን ሁሉ ያዘገያል። «ሊጠፋ ነው» ደግሞ የሚነገረው ግንኙነቱ በፈቃድ ሲዘጋ ብቻ ነው። ገመዱ ሲነቀል ወይም የሽቦ አልባው ሞገድ ሲደክም ማስጠንቀቂያ የለም፤ በቀጥታ «ጠፋ» ይባላል። መብራት ሳይናገር በሚሄድበት ሰፈር ያለ ነጋዴ፣ የመጨረሻውን መዝገብ መላክ ለ«ሊጠፋ ነው» ቢያቆየው ይከስራል።

5. ማጠቃለያ

የተባለውን ሁሉ በአንድ የመመሪያ አንቀጽ ብንሰበስበው ከዚህ እንደሚከተለው ይሆናል። «ተቀስቃሽ የትእዛዝ ጽሑፍ አጭር ይሁን። ሁነቱ የሚመለከተው መሆኑን ይለይ፤ ኔትወርኩ አሁንም መኖሩን ያረጋግጥ፤ ረዥሙን ሥራ ለአገልግሎቶች አስተዳዳሪ ያስረክብ፤ ወዲያውም ይሰናበት። ወደ ጓዳ ማሳለፍ በአንዳንድ ሥርዓት አይበቃም፤ ያልተሰናበተ ጽሑፍ ይቀጫል።» «ይሰናበት» ያልነውም ሆን ብለን ነው፤ «ይመለስ» ቢባል ሥራውን እንደገና ይጀምር የሚል ሊመስል ይችላልና።

የሾላ ነጋዴ እነዚህን መመሪያዎች በእንግሊዝኛ ላያነብ ይችላል፤ መደብሩ ያለው ኮምፒዩተር ግን በእነርሱ ይገዛል። በመካከል ያለው ድልድይ ተርጓሚው ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ቃላት አብዛኞቹ በገበያው፣ በወፍጮ ቤቱና በታክሲ ተራው እየተነገሩ ነው፤ የእኛ ድርሻ የትኛው ቃል የትኛውን ጠባይ እንደሚሸከም መርምሮ መለየት ነው። አንባብያን በትርጕም ሥራቸው እነዚህን ስያሜዎች ፈትነው፣ የማይስማማውን ከነምክንያቱ እንዲያስታውቁን እንጠይቃለን።