ካንዴላዋን ከመቀየራችሁ በፊት አንብቧት

ስለ ደቡብ ኦሞ መኪና ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ላንድክሩዘር ነው። ይገባዋል፤ ከጂንካ ወደ ማጎ፣ ከቱርሚ ወደ ኦሞራቴ እንግዳ ጭኖ የሚመላለሰው እሱ ነው። ጭነቱን ደግሞ አይሱዙ ይሸከማል። ሁለቱም ግን አብዛኛውን ጊዜ ናፍታ ጠጪዎች ናቸውና ካንዴላ የሚባል ነገር አያውቁም። የናፍታ ሞተር አየሩን እስኪግል ድረስ ይጨምቀውና ነዳጁን ይረጭበታል፤ ያኔ በራሱ ይቀጣጠላል። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ሌሎቹ፣ ስለ ቤንዚን ጠጪዎቹ ነው፦ አሮጌው ዲኤክስ፣ ላዳው፣ ቮልሱ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ ባጃጁ። እነዚህ ሁሉ ጣት በምታህል ብረትና ሸክላ እጅ ናቸው። ስለ እሷ ማውራት ከጀመርኩ ደግሞ ቶሎ አላቆምም፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

እስቲ ሥራዋን አስቡት። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር እያንዳንዷ ካንዴላ 1,500 ጊዜ ትፈነጥቃለች፤ በሴኮንድ 25 ጊዜ ማለት ነው። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ብቻ ነው። ቦቢናው ያንን ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ ያሳድገዋል፤ ብልጭታዋም ከአንድ ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ክፍተት ላይ ትዘላለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው እሳት ውስጥ ተቀምጣ ነው። የጫፏ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ገደማ በታች ከሆነ የሚያርፍባት ጥላሸት አይቃጠልላትም፣ ታፍና ትቀራለች። ከ850 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ደግሞ ብልጭታ ሳትጠብቅ በራሷ ትለኩሳለች፤ ፒስተን የሚበሳው ያኔ ነው። በእነዚህ ሁለቱ መካከል መኖር አለባት፣ ቆማችሁ ስትጠብቁም ሆነ ዳገት ስትወጡ።

መካኒክ ጋ ሄዳችሁ «ጉልበት አጣብኝ፣ ዳገት ላይ ይጎተታል» ስትሉ ቶሎ የሚመጣው መልስ «ካንዴላ ይቀየር» ነው። አዲስ ካንዴላ ስታስገቡ መኪናው ጥቂት ቀን ይሻለዋል፣ ከዚያ ያው በሽታ ይመለሳል። ምክንያቱም አሮጌዋ ካንዴላ ብዙ ጊዜ ምስክር ናት እንጂ ጥፋተኛ አይደለችም። አራቱንም አውጡና በወጡበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ደርድሯቸው፤ ቁጥራቸውንም ጻፉ። የካርቶኗን ነገር አደራ፤ የቱ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ከጠፋባችሁ ግማሹ ወሬ ጠፋ።

ነጩ ሸክላ ጫፉ ላይ ማኪያቶ የመሰለ ቀለም ካለው ሞተሩ ደህና ነው፤ ካንዴላዋን አጽዱና መልሱ። ጥቁርና ደረቅ ከሆነ፣ ጣታችሁንም ካጠቆረ፣ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። ጥቁር ሆኖ በዘይት የረጠበ ከሆነ የፒስተን ፋሻ ወይም ቫልቭ ዘይት እያሳለፈ ነውና የትኛውም የካንዴላ ብራንድ አያድናችሁም። ነጣ ብሎ፣ አንዳንዴም ጥቃቅን እብጠት አውጥቶ ካገኛችሁት ሞተሩ ከመጠን በላይ እየሞቀ ነው፤ ይህን ችላ አትበሉት። አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ችግሩ የጋራ ነው፣ ፊልትሮውን ወይም ካርቡራተሩን ጠርጥሩ። አንዷ ብቻ ከተለየች የዚያን ሲሊንደር ገመድ፣ ቫልቭና ፋሻ እዩ። ቮልስ ያላችሁ ደግሞ ሦስተኛዋ ከሌሎቹ ነጣ ብላ ብታገኟት አትደንግጡ። እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ለሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው ንፋስ ላይ ተገትሮ ነበርና ያ ሲሊንደር ሁልጊዜም ከሌሎቹ ይሞቃል። (መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ እንደነበር ሳስብ፣ ያ መኪና ሦስተኛው ሲሊንደሩ እንዴት ነበር የሚል ጥያቄ ይመጣብኛል። በሽታ ነው።)

ደቡብ ኦሞ ላይ በጣም የሚበዛው ያ ደረቅ ጥቁር ነው፤ ምክንያቱም አቧራ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ከአስፋልቱ ወጣ ብላችሁ የፊት መኪና ተከትላችሁ ከሄዳችሁ የአየር ፊልትሮው በአንድ ጉዞ ሊታፈን ይችላል። አየር ሲያንሰው ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላዋ ትጠቁራለች፣ ባለቤቱም ካንዴላ ሊገዛ ይሄዳል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ፊልትሮውን አውጡና በፀሐይ ላይ ያዙት፤ ብርሃን ካላሳለፈ በሽታውን አግኝታችሁታል። የወረቀት ፊልትሮ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ይነፋል እንጂ አይታጠብም፣ ከድንጋይ ጋርም አይማታም።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል ደረሰ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ጂንካ ከ1,400 ጥቂት ከፍ፣ የወይጦ ቆላ ደግሞ 600 ገደማ ነው። ወይጦ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከአዲስ አበባው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይበልጣል። አዲስ አበባ ላይ ካርቡራተሩ በደንብ ተስተካክሎለት የወረደ ዲኤክስ ወይጦ ሲደርስ አየር ይበዛለታል፣ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ካንዴላውም ይነጣል። ቆላ ላይ የተስተካከለው ደግሞ ወደ ደጋ ሲወጣ ይጠቁራል። መኪናው አልታመመም፣ አገሩ ነው የተቀየረበት። እንደ ቪትዝ ያሉት ኮምፒዩተር ያላቸው መኪኖች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ። የካርቡራተር መኪና ግን የሚውልበት አገር ላይ መስተካከል አለበት፤ ጂንካ የሚኖር መኪና ጂንካ ላይ ይስተካከል።

ንባቡንም በትክክለኛው ቦታ ውሰዱት። ግቢ ውስጥ በሚኒሞ ሲያጉረመርም ቆይቶ የወጣ ካንዴላ የሚነግራችሁ ስለ ሚኒሞው ብቻ ነው። ከወይጦ ወደ ቀይ አፈር ያለው ዳገት ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው። ሞተሩ በጉልበት እየሳበ ሳለ፣ መንገዱ ሰፋና ነጻ ሲሆን፣ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሞተሩን አጥፉና ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ቁልፉን ግን እስከ መጨረሻው አትመልሱት፤ መሪው ይቆለፋል። ከዚያ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቁና አውጧት፤ ቀለሙ አይቀየርም፣ የዳገቱን እውነት እንደያዘ ይጠብቃችኋል። ሐሙስ ዕለት ግን ይህን አትሞክሩ፤ የቀይ አፈር ገበያ ነው፣ መንገዱ ሰውና ፍየል ይሞላዋል።

ካነበባችሁ በኋላ በእርግጥ ያረጀች ከሆነች፣ ማለትም የመሃሏ ጫፍ ክብ ሆኖ ከተበላ፣ መግዛት ነው። እዚህ ላይ አንድ ምክር ትሰማላችሁ፦ «ኦሞ ሙቀት ስለሆነ ቀዝቃዛ ካንዴላ አስገቡ»። እኔ አልስማማም። ቀዝቃዛና ሙቅ የሚባለው ካንዴላዋ ሙቀቷን ወደ ቴስታታው የምታስተላልፍበት ፍጥነት ነው፤ ሸክላው ረጅም ከሆነ ሙቀቱ መውጫው ይርቀዋልና ትሞቃለች፣ አጭር ከሆነ ቶሎ ትበርዳለች። ሲሊንደር ውስጥ ያለው እሳት ከ2,000 ዲግሪ ይበልጣል፤ ውጭ 20 ዲግሪ መሆኑና 38 መሆኑ ለእሷ ትንሽ ነገር ነው። ቀዝቃዛዋን ካስገባችሁ ጂንካ ከተማ ውስጥ በዝግታ ስትዞሩ ጥላሸቷን ማቃጠል አቅቷት ትታፈናለች። የመኪናው መጽሐፍ ያዘዘውን አስገቡ፤ ከነጣችም ካርቡራተሩን አስተካክሉ እንጂ ካንዴላዋን አትቅጧት።

ሲገዙ የሚያሳስተው ቁጥሩ ነው። የላዳ ካንዴላ ኤ17ዲቪ ትባላለች። ተመሳሳይዋ በኤንጂኬ ቢፒ6ኢኤስ፣ በቦሽ ደብሊው7ዲሲ፣ በዴንሶ ደግሞ ደብሊው20ኢፒ ነች። 17፣ 6፣ 7 እና 20፤ አራቱም ያው አንድ ሙቀት ናቸው። ይባስ ብሎ በኤንጂኬ፣ በዴንሶና በሩሲያው ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላዋ ትቀዘቅዛለች፣ በቦሽና በቻምፒዮን ግን ቁጥሩ ሲያድግ ትሞቃለች። ስለዚህ «ቁጥሩ ይቀራረባል» የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ ሳቅ ብላችሁ እለፉ።

ከሙቀቱም በላይ የጥርሱ ርዝመት ያስፈራኛል። የላዳ ካንዴላ ጥርስ 19 ሚሊ ሜትር ነው፣ የቮልስ 12.7፤ የሁለቱም ውፍረት ግን 14 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንዷ በሌላዋ ቀዳዳ ትገባለች። ረጅሟ ቮልስ ውስጥ ከገባች ፒስተን ልትመታ ትችላለች፤ ካልመታችም ወደ ውስጥ የወጣው ጥርሷ ካርቦን ይዞ ስትፈቷት የቴስታታውን ጥርስ ይዛ ትወጣለች። ከአዲስ አበባ የሶማሌ ተራ ዕቃ በሰው የምታስመጡ ከሆነ ለሚሄደው ሰው ስም ብቻ አትንገሩት፤ አሮጌዋን ካንዴላ በእጁ ስጡትና «ይህችን የመሰለች» በሉት።

አስመስሎ የተሠራም አለ፣ በተለይ በታወቁት በኤንጂኬና በዴንሶ ስም። ሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ ከተንጋደደ ወይም በጥፍር ከተፋቀ፣ ጥርሱ ሸካራ ከሆነ፣ ሮንዴላዋም ካንዴላዋን ስትገለብጧት ወለቅ ብላ ከወደቀች ተዉት። ስሟ ውስጥ አር ፊደል ያለባት ከሆነች ቴስተር ይዛችሁ ከላይኛው ጫፍ እስከ መሃለኛው ጫፍ ለኩ፤ 5,000 ኦም አካባቢ ማሳየት አለባት። ዜሮ ካሳየች አር የተጻፈው ለጌጥ ነው። ኢሪዲየም ይሻላል ወይ ለምትሉኝ፣ ለካርቡራተር መኪና ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። ኢሪዲየም ጥቅሙ ዕድሜው ነው፤ በአቧራና በጥላሸት የምትታፈን ካንዴላ ደግሞ ዕድሜዋን አትጨርስም።

እነዚህ አሮጌ የቤንዚን መኪኖች እንደ ዱሮው በቀላሉ የሚተኩ አይደሉም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ክፉኛ አስወድዶታል፤ በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ የቴስታታ ጥርስ ማስበላት ውድ ጥፋት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን። ከመፍታታችሁ በፊት ካንዴላዋ የተቀመጠችበትን ጉድጓድ በንፋስ አጽዱት፤ የብስክሌት መንፊያም ይበቃል። ካልሆነ ያ ሁሉ የመንገድ አሸዋ ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ገመዶቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ከተምታቱባችሁ ላዳውም ዲኤክሱም የብልጭታ ተራቸው 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው፣ የቮልስ ግን 1፣ 4፣ 3፣ 2። አዲሷን በመፍቻ ሳይሆን በጣታችሁ ጀምሩ። እምቢ ካለች ጠማማ ገብታለችና መልሳችሁ አውጧት። እስክትቀመጥ በእጅ፣ ከዚያ ሮንዴላዋ አዲስ ከሆነች በመፍቻ ግማሽ ዙር ወይም ጥቂት በለጥ። አሮጌዋን የምትመልሱ ከሆነ ግን ሮንዴላዋ አስቀድማ ስለተጨፈለቀች ትንሽ ጠበቅ ማድረግ ብቻ ነው።

ክፍተቱን መለኪያ ከሌላችሁ የሰጌቶ ምላጭ ፈልጉ። ውፍረቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ከትንሽ ነገር ነው፤ ቮልስ የሚፈልገው ከ0.6 እስከ 0.7 ስለሆነ ልክ ይመጣል። ጥርስ ያለበት ጎን የተወላገደ ነውና በጀርባው ለኩ። ስታስተካክሉም ከጎን የታጠፈውን እግር ብቻ አጥፉ፤ መሃለኛውን ከነካችሁት ሸክላው ይሰነጠቃል።

ሁለት ነገር ደግሞ በካንዴላ ስም ይከሰሳሉ። አንዱ በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር የሚሸጥ ቤንዚን ነው፤ ውሃ ወይም ላምባ ሊኖርበት ይችላል። ላምባ ያለበት ቤንዚን ዳገት ላይ ሞተሩን ያንኳኳል፣ ካንዴላውንም ያጠቁራል። ሃይላንዱን ብርሃን ላይ ያዙትና ትንሽ ጠብቁ፤ ውሃ ካለ ታች ይዘቅጣል። ሌላው የወይጦ ቀትር ነው። ሞቆ የቆመ የካርቡራተር መኪና ቤንዚኑ ፓምፑ ውስጥ ይፈላና አልነሳም ይላል፤ ብልጭታው ግን ደህና ነው። ኮፈኑን ከፍታችሁ የቤንዚን ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጉና ሻይ ጠጡ። ውሃውን የጋለ ሞተር ላይ አትድፉት፣ ብረቱ ይሰነጠቃል።

ወደ ኦሞራቴ የምትወርዱ ከሆነ የካንዴላ መፍቻና ያጸዳችኋቸውን አሮጌ ካንዴላዎች ያዙ፤ በጨርቅ እየጠቀለላችሁ፣ አንዷ ከሌላዋ እንዳትጋጭ። ድንጋይ ላይ የወደቀች ካለች ምንም ያልሆነች ቢመስልም አታስገቧት። ስንጥቁ ዓይን የማያየው ሊሆን ይችላል፤ ብልጭታው ግን ያገኘዋል።