ዓሣ ለማጥመድ ከአገር የሚወጣ ሰው ስንቁ ምንድር ነው?

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ መንገዱ የሚቀናው ወይም የሚሰናከለው ገና ደጁን ሳይለቅ ባደረገው መሰናዶ ነው። አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲሉ የተናገሩት ለማጀት ብቻ ሳይሆን ለመንገደኛም ይሆናል። ያዕቆብና ዮሐንስ በተጠሩ ጊዜ በታንኳ ውስጥ መረባቸውን ያበጁ እንደ ነበር ወንጌላዊው ማርቆስ ጽፎልናል፤ ዓሣ አጥማጅ ከሚያጠምድበት ሰዓት ይልቅ የሚያሰናዳበት ሰዓት እንደሚበዛ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እኛ የአገው ምድር ሰዎች በእርሻ፥ በከብት ርቢና በፈረስ የታወቅን ነን እንጂ በዓሣ ማጥመድ አይደለንም። በእንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ ከዳር ቆመን እናደንቃለን፤ ነገር ግን ጥልቀቱ ከ150 ሜትር ስለሚበልጥ ልጆቻችንን እንዳይቀርቡት እናስጠነቅቃለን። ስለዚህ ዓሣ ማጥመድ የሚወድ የእንጅባራ ወይም የዳንግላ ሰው ወደ ጣና ይወርዳል። ከዳንግላ እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም ለደገኛ ገበሬ ልጅ ውኃው፥ ነፋሱ፥ ሥራውም ሁሉ የሰው አገር ነው። እንዲህ ያለውን ጉዞ ለሚያስቡ ቤተ ሰቦች ከራሴ ስሕተት የተማርሁትን ልጽፍላቸው ወደድሁ።

የመጀመሪያው ጉዞ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ በጠና ታማ በተነሣች ጊዜ ሐኪሙ የዓሣ ሾርባ እንድትጠጣ መከራት፤ ወሩ ነሐሴ፥ ጊዜውም ጾመ ፍልሰታ ስለ ነበር እርስዋ እንቢ ብትልም የንስሓ አባቷ ስለ ሕመሟ ፈቀዱላት። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቶ ነበርና ልጄንና የእኅቴን ልጅ ይዤ ራሴ አጥምጄ ላመጣላት ተነሣሁ። ከገበያ መንጠቆና ሲባጎ ገዛሁ፤ ባለቤቴ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልን፤ በማግስቱ በአውቶቡስ ተሳፈርን። መሰናዷችን ይኸው ብቻ ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ በሐይቁ ዳር ዝናብ ሲመታን ዋለ። አንዲትም ዓሣ አልያዝንም። በሁለተኛው ቀን ማታ ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አይተውን ጠሩን። እርሳቸው ወይጦ ከሚባሉት የጣና ዳር ሰዎች ወገን ነበሩ። ከየት እንደ መጣን፥ ምን እንደምንፈልግም ጠየቁኝ። «ከዳንግላ ነው የመጣነው፥ አባቴ፤ ነጭ ዓሣ ፈልገን ነበር» አልኋቸው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው፥ «መምህር፥ ዓሣውንማ አገርዎ ትተውት መጡ» አሉኝ። የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ዝም አልሁ። እርሳቸው ግን ቀጥለው፥ «በዚህ ወር ነጭ ዓሣ ለመውለድ ወደ እናንተ ወንዝ ይወጣል። ልጁን ትታችሁለት ወደዚህ ከተመለሰ እኛም እናንተም እንበላለን» አሉ።

ስንመለስ በግልገል ዓባይ ድልድይ አጠገብ ከመንገድ ዳር አንድ ትልቅ ዓሣ ገዛሁ። እቤት ደርሰን ባለቤቴ ሆዱን ስትከፍተው እንደ ጤፍ እህል የበዛ ዕንቁላል በእጇ ላይ ፈሰሰ። ብዙ ጊዜ አይታው ኖራ፥ «ይህ ሁሉ ዓሣ ሊሆን ነበርን?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም። በዚያው ሳምንት ከቤታችን በማይርቅ ጅረት ጥቂት ልጆች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ውስጥ ሲጨምሩ አገኘሁ፤ ጥፍር የሚያህሉ ጫጩት ዓሦች ሳይቀሩ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይንሳፈፉ ነበር። ከልጆቹ አንዱ እኔ ያስተማርሁት ነበረ፤ ሮጦ መጥቶ በአክብሮት እጅ ነሣኝ። የዕፀዋትን ክፍሎች አስተምሬዋለሁ፤ ይህን ግን አላስተማርሁትም ነበር። ልቆጣው አፌን ብከፍት ቃል አጣሁ።

የሽማግሌው ቃል እውነት መሆኑ

ከዚያ በኋላ ነገሩን ከመጻሕፍትና ከሊቃውንት ለማወቅ ተጋሁ። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ጥቂት ወርዶ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ስለሚወድቅ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ መውጣት አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሣ ከሌላው ተለይቶ ኖረ። የአገራችንና የኔዘርላንድ ሊቃውንት እንደ መረመሩት፥ ነጭ ዓሣ ወይም ቢልጫ ከምንለው ወገን ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ከጣና ውኃ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። አምባዛና ቆሮሶ ግን በሌሎችም ውኆች ይኖራሉ።

ከእነዚህ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፥ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፥ በወንዞች አፍ ተሰብስበው ወደ ላይ ይወጣሉ። ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት ፈጥኖ በሚፈስስና ጠጠር ባለበት ውኃ ነው። ጕማራ፥ ርብ፥ መገጭና ግልገል ዓባይ መንገዶቻቸው ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ ግልገል ዓባይ ከሰከላ፥ ከግሼ ዓባይ የሚነሣ ነው፤ በዳንግላ በኩል የሚወርደው የክልቲ ወንዝም ውኃውን ለእርሱ ይገብራል። እንግዲህ የጣና ሐይቅ ዓሣ ከእኛ ተራራ በሚወርደው ውኃ ይወለዳል ማለት ነው።

ጉዳቱም የተጻፈ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. መንግሥት፥ ቤተ ክርስቲያናችንና ሁለት የኔዘርላንድ ድርጅቶች ተባብረው የሐይቁን ድኾች አጥማጆች ለመርዳት በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎችንና የናይለን መረብን አስገቡ፤ ከድርጅቶቹ አንዱ ኡርክ ከምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ የመጣ ነበር። ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ። ነገር ግን መረቡ ለመውለድ የሚሰበሰበውን ዓሣ በወንዞች አፍ ይጠብቀው ጀመር። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 መካከል ምርመራ ያደረጉ ሊቃውንት ነጭ ዓሣ በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኙት። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ከልክሏል።

መሰናዶው

ይህን ካወቅሁ በኋላ ሁለተኛውን ጉዞ እንዲህ አሰናዳሁት።

በመጀመሪያ ወሩን መረጥሁ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣን መተው ይገባል፤ ከኅዳር ጀምሮ ግን ዝናቡ ቆሞ፥ ዓሣውም ወደ ሐይቁ ተመልሶ መንገዱ የቀና ይሆናል። እኛ ከጥምቀት በኋላ ሄድን። በጾም ዓሣ የሚበላ ቤት አለ፥ የማይበላም አለ፤ ይህን ለንስሓ አባት ትቼ የምናገረው በፍልሰታ ገበያ ላይ የሚታየው ነጭ ዓሣ ዕንቁላል የያዘ ሊሆን እንደሚችል ብቻ ነው።

ሁለተኛ፥ የአገሩን ሰው ያዝን። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንደ ተባለ፥ የማያውቁትን ውኃ ያለ መሪ መድፈር ሞኝነት ነው። ጣና 84 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 66 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ 15 ሜትር እንኳ ቢሆን ነው፤ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ፈጥኖ ይናወጣል። ስለዚህ ማልዶ ወጥቶ ነፋሱ ሳይነሣ መመለስ ይገባል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለና ስፍራውን የሚያውቀው ባለ ታንኳው ነው። ለንግድ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለራሱ የሚያጠምድም አስቀድሞ የአካባቢውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢጠይቅ መልካም ነው። ሴቶች ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ሰው ደግሞ እንደ ክብራን ገብርኤል ባሉ ደሴቶች ሴት እንደማትገባ አስቀድሞ ይንገራቸው።

ሦስተኛ፥ መሣሪያውን መረመርን። ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው መንጠቆዎች፥ ጠንካራ ክር፥ ክሩን ወደ ታች የሚያወርድ እርሳስ፥ ከላይ የሚንሳፈፍ ቡሽ፥ ለመብል የሚሆን ትል፥ የሚበላና ትርፍ ቢላዋም ያዝን። ዓይኑ የጠበበ መረብ ጫጩቱን ሁሉ ስለሚጠርግ ከቶ አልያዝንም።

አራተኛ፥ ጤናችንን አሰብን። ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን የጣና ዳር 1,800 ሜትር ያህል ነው፤ ወባ ስላለ አጎበር ያስፈልጋል። በሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያም ስለሚገኝ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መቆም አይገባም፤ የሚጠጣውንም ውኃ ማፍላት ግዴታ ነው። በሶ፥ ጨው፥ ወፍራም ጋቢና ለእያንዳንዱ ሰው የሚንሳፈፍ ሰደርያ አዘጋጀን።

አምስተኛ፥ የሚያዘውን እንዴት እንደምናደርሰው ወሰንን። ዓሣ ፈጥኖ ይበላሻል። ወዲያው ሆዱን ከፍቶ ማጽዳት፥ በዚያው ቀን የማይበላውን ዘልዝሎ በጨው አሽቶ በነፋስ ማድረቅ ይገባል። የጣና ነጋዴዎች ዓሣ አድርቀው በመተማ በኩል እስከ ሱዳን ድረስ ሲያደርሱ ኖረዋልና ዳንግላ ለማድረስማ አያስቸግርም።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፥ ስንት እንደምንይዝ ገና ከቤታችን ሳንወጣ ተስማማን። ለስድስት ሰው ቤት ስምንት ዓሣ ይበቃል አልን። ልጄ ይህን በደብተሩ ጻፈው።

ሁለተኛው ጉዞ

ሽማግሌውን በዚያው ስፍራ አገኘናቸው። ወይጦን በንቀት የሚያነሡ ሰዎች በልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ከእርሳቸው አንደበት የተማርሁትን ከየትኛውም መምህር አልተማርሁም። በእርሳቸው ታንኳ ማልደን ወጣን። እስከ ረፋድ ድረስ አምስት ቆሮሶ፥ አንድ አምባዛና ሁለት ነጭ ዓሣ ያዝን። የእኅቴ ልጅ ዘጠነኛውን ሊጥል መንጠቆውን ሲያበጅ ልጄ ደብተሩን አወጣና አሳየው፤ ሁለቱም ስቀው ክሩን ጠቀለሉ።

ልንሰናበት ስንል ሽማግሌው፥ «ዘንድሮ ብርብራው እንዴት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በእኛ በኩል የሚሆነውን እርሳቸው ያውቁት ኖሯል። እውነቱን ነገርኋቸው፤ ስለ ተማሪዬም አልሸሸግሁም። እርሳቸውም፥ «ልጁ ምን አጠፋ? ያልነገሩትን» አሉኝ።

እናቴ በዚያ ሳምንት ሾርባዋን ከልጅ ልጆችዋ እጅ ጠጣች። እኔም ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሰኔ፥ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ከመዘጋቱ በፊት፥ አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ነገር እሰጣለሁ፤ የግልገል ዓባይንና የክልቲን ካርታ በሰሌዳው ላይ እሥላለሁ፥ የብርብራንም ፍሬ በጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ። ያ በጅረቱ ዳር ያገኘሁት ልጅ አሁን አድጓል፤ ባለፈው ሰኔ ፍሬውን ለቅሞ ያመጣልኝ እርሱ ነው። አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ አጠገብ ወንዝ ካለ ወደ ጣና ለመውረድ ከማሰብህ በፊት ልጆችህን ይዘህ በክረምት አንድ ቀን ወደ ዳሩ ውረድ፤ መንጠቆውን ግን እቤት ተወው።