ቅጠሉን ማንበብ፦ ያለ አፈር በሚለሙ አትክልቶች ላይ የሚታዩ የቅጠል ችግሮችን ለይቶ ማወቅ

ሰላጣ፣ ቆስጣ ወይም ቲማቲም በሃይድሮፖኒክስ፣ ማለትም ያለ አፈር በማዳበሪያ ውሃ የሚያለማ አርሶ አደር፣ በማሳው ላይ የለመደው አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ይኸውም የአፈሩ ትዕግሥት ነው። አፈር ከልክ በላይ ማዳበሪያ ቢጨመርበት የተወሰነውን ይዞ ያቆያል፤ ኮምጣጣነቱም በአንድ ቀን አይለዋወጥም። በ200 ሊትር በርሜል ውስጥ ያለው ውሃ ግን ጠዋት የተጨመረበትን ከሰዓት በኋላ ሥሩ ላይ ያደርሰዋል። ጉዳቱም ከዚያ በርሜል የሚጠጣውን ተክል ሁሉ ያዳርሳል። ስለዚህ ቅጠል ወይቦ ሲታይ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው፤ ማዳበሪያ መጨመር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የላይኛው ነው የታችኛው?

አርሶ አደር ስልክ ደውሎ «ቅጠሉ ቢጫ ሆነብኝ» ሲለኝ ቀድሜ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በተክሉ ውስጥ ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀሳሉ። ሲያጥሩ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለለጋው ስለሚሰጥ ምልክቱ ከታች ይጀምራል። ብረት፣ ካልሲየምና ቦሮን ግን አንድ ጊዜ ከገቡበት ቅጠል በቀላሉ አይወጡም። እነርሱ ሲያጥሩ አሮጌው ቅጠል ደህና ሆኖ ለጋው ይታመማል።

የታችኛው ቅጠል ጅማቱም ሥጋውም እኩል ገርጥቶ ተክሉ ከቀጨጨ ናይትሮጅን አንሷል። ጠርዙ ቢጫ ሆኖ ከዚያ እንደተጠበሰ ቡናማ ከሆነ ፖታሲየም ነው። ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ በጅማቶቹ መካከል ያለው ብቻ ከወየበ ማግኒዚየም ነው፤ ይህ በቲማቲም ላይ ፍሬው ሲሞላ በብዛት ይታያል። ፖታሲየም ከልክ በላይ ሲሰጥም ተክሉ ማግኒዚየም እንዳይወስድ ስለሚያግድ፣ ሁለቱን ሳይለዩ «ፍሬ እንዲያፈራ» ብሎ ፖታሲየም መደራረብ ችግሩን ያብሰዋል። ለማግኒዚየም ኤፕሰም ሳልት የሚባለውን ማግኒዚየም ሰልፌት ከ10 እስከ 20 ግራም በ1 ሊትር ውሃ በጥብጦ ወደ ማታ ቅጠሉ ላይ መርጨት ይቻላል። የቅጠሉ ጀርባ ወደ ሐምራዊ ከተለወጠ ፎስፈረስ ይጠረጠራል፤ ነገር ግን በደጋ አካባቢ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ውሃው ውስጥ በቂ ፎስፈረስ እያለም ይኸው ምልክት ይታያል።

ለጋው ቅጠል ሲወይብ

ብዙ አርሶ አደር ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። አዲስ የወጣው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ መረብ መስሎ ሲቀር የብረት እጥረት ነው። ይሁን እንጂ በአብዛኛው ብረቱ በርሜሉ ውስጥ አለ፤ ተክሉ ሊወስደው አልቻለም እንጂ። ምክንያቱ የውሃው ፒኤች ከፍ ማለቱ ነው። ለአብዛኞቹ አትክልቶች ተስማሚው ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። ከዚያ በላይ ሲወጣ ብረት ወደማይሟሟ ዝቃጭ ይለወጣል። በተለይ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ባይካርቦኔትና ሶዲየም ስለሚበዛበት፣ ዛሬ ያወረዱት ፒኤች ነገ ተመልሶ ይወጣል። እንዲህ ያለ ውሃ የሚጠቀሙ ከጣራ የሚሰበሰብ የዝናብ ውሃ ቢቀላቅሉ ብዙ ድካም ይቀንስላቸዋል።

ምሳሌ እንውሰድ። የሰላጣ በርሜል 200 ሊትር ውሃ ይዟል፤ ለጋው ቅጠል ወይቧል፤ ሲለካ ፒኤች 7.4፣ ኢሲ 1.5 ሚሊ ሲመንስ ሆነ። ለሰላጣ የሚመከረው ኢሲ ከ1.2 እስከ 1.8 ስለሆነ ማዳበሪያው አላነሰም። የሚደረገው ፎስፈሪክ አሲድ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ፒኤቹን ወደ 6 ማውረድ ነው። ጓንትና የዓይን መከላከያ ይደረግ፤ አሲዱ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲዱ አይጨመርም። ከ5 ቀን በኋላ አዲስ የሚወጣው ቅጠል አረንጓዴ ካልሆነ ኬሌት የተባለውን የብረት ማዳበሪያ መጨመር ይቻላል። እሽጉ ላይ 6 በመቶ ብረት የሚል ከሆነ ለዚህ በርሜል 7 ግራም ያህል ይበቃል። ኢዲቲኤ የሚባለው ዓይነት ፒኤች ከ6.5 በላይ ሲሆን ጉልበቱን ያጣል፤ ዲቲፒኤ እስከ 7 ገደማ ይሠራል። ሲገዙ ስሙን ያንብቡ።

መለኪያውም ይዋሻል። የፒኤች መለኪያ ጫፉ ከደረቀ ወይም ለወራት ካልተስተካከለ የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም። በ7 እና በ4 ማስተካከያ ፈሳሽ በየጊዜው ይፈተሽ።

የሰላጣ የመሐል ለጋ ቅጠል ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ሲቃጠል የካልሲየም ችግር ነው፤ ካልሲየም መጨመር ግን እምብዛም አይረዳም። ካልሲየም ወደ ቅጠል የሚሄደው ቅጠሉ ውሃ በሚያተንበት ልክ ነው። ቤቱ ታፍኖ አየር ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም ኢሲው በዝቶ ሥሩ ውሃ መሳብ ካቃተው፣ ካልሲየሙ የመሐሉን ቅጠል አይደርስበትም። የቤቱን ጎን ይክፈቱ፣ ኢሲውን ይቀንሱ፣ በጠራራ ፀሐይ ጥላ ያድርጉ።

ሥሩን ሳያዩ አይወስኑ

በርሜሉ ውሃ ሞልቶ ተክሉ በቀትር ከጠወለገ ተክሉን ከፍ አድርገው ሥሩን ይመልከቱ። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ክሬም መልክ አለው። ቡናማ ሆኖ የሚያሟልጭና የሚሸት ከሆነ ሥሩ እየበሰበሰ ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሆን የሥር አበስባሽ በሽታ ይበረታል። በቆላ አካባቢ በርሜሉን በከፊል መቅበር ወይም ጥላ ሥር ማድረግ፣ ብርሃን እንዳይገባውም መሸፈን ያስፈልጋል። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ደግሞ ፓምፑ ስንት ሰዓት እንደቆመ ሳይጠይቁ የጠወለገን ተክል «በሽታ ነው» ማለት አይገባም።

የቅጠሉንም ጀርባ ይገልብጡ። ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብና ቀይ ሸረሪት የሚደበቁት እዚያ ነው፤ ጥቃቅን ነጠብጣብና ስስ ድር ካለ ማዳበሪያ አይፈታውም። የቲማቲም ለጋ ቅጠል ወደ ላይ ተጠቅልሎ፣ አንሶና ጠርዙ ወይቦ ከታየ ነጭ ዝንብ የሚያስተላልፈው ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል ተክሉ ተነቅሎ ይወገድ።

ዩሪያ ወደ በርሜል አይገባም

በማሳ ላይ ቅጠል ሲገረጣ እጃችን ወደ ዩሪያ ይሄዳል፤ ለበቆሎና ለጤፍ ትክክል ነው። ዩሪያ ግን ወደ ናይትሬት የሚለወጠው በአፈር ውስጥ ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ነው። በርሜል ውስጥ ይህ ሥራ በሚፈለገው ልክ አይካሄድም፤ የሚጠራቀመው አሞኒየምም ሥሩን ይጎዳል። ኤንፒኤስም ሙሉ በሙሉ ስለማይሟሟ ቧንቧ ይደፍናል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ካልሲየም ናይትሬት፣ ፖታሲየም ናይትሬትና መሰል ሟሚ ማዳበሪያ ነው። እነርሱም ቢሆኑ ሳይቀጥኑ አንድ ላይ አይደባለቁም። ካልሲየም ናይትሬት ከማግኒዚየም ሰልፌት ጋር በአንድ ባልዲ ሲበጠበጥ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ የከፈሉበት ማዳበሪያ ግርጌ ላይ ተኝቶ ቀረ ማለት ነው።

ማስተካከያ ሲደረግ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን ከተጨመረ የትኛው እንዳዳነ ወይም እንደጎዳ አይታወቅም። የተቃጠለ ቅጠል ወደ ቀድሞው መልኩ አይመለስም፤ ለውጡ የሚታየው በአዲሱ ቅጠል ላይ ነው። የበርሜሉ ውሃ እየጎደለ ኢሲው ከፍ ካለ ተክሉ ከምግቡ ይልቅ ውሃውን እየጠጣ ስለሆነ ንጹህ ውሃ ይጨመር፤ ኢሲው ከወረደ ምግቡ እያለቀ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ውሃውን ሙሉ በሙሉ መቀየር ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ችግሩ ካልተለየ ወደ ልማት ጣቢያ ሲመጡ አንድ የታመመ፣ አንድ ጤነኛ ተክል ከነሥሩ፣ ግማሽ ሊትር የበርሜሉን ውሃና ግማሽ ሊትር የጉድጓዱን ውሃ በታጠበ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለየብቻ ይዘው ይምጡ። ያለፈው ሳምንት የፒኤችና የኢሲ ቁጥር፣ ምን ማዳበሪያ በየትኛው ቀን እንደጨመሩም በደብተር ተጽፎ ይምጣ።