ተጨማሪ መረጃ፦ አቡነ ያዕቆብና ሰማዕቱ ደቀ መዝሙራቸው

 የካፑቺን መነኮሳት ማኅበር አባል የነበሩት ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ (አባ ማስያስ) እ.ኤ.አ. በ1849 በምጽዋ በስውር የጳጳስነት ማዕረግ የሰጧቸው ጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ፣ በኢትዮጵያውያን ዘንድ አቡነ ያዕቆብ የተባሉት ናቸው።

ካሳ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ መሳፍንቱን በጦርነት እያንበረከኩ ግዛታቸውን ሲያሰፉ፣ የኦርቶዶክሱ ጳጳስ አቡነ ሰላማ ጎንደር ገብተው የካቶሊኮቹን እምነት ተቃወሙ፤ በ1854 አቡነ ያዕቆብ ለወራት ታስረው ከአገር እንዲወጡ ሲደረግ፣ ደቀ መዝሙራቸው አባ ገብረ ሚካኤል ግን በእስር ቀሩ። አንድ ዓይናቸው የጠፋው እኚህ የጎጃም መነኩሴና ሊቅ፣ እምነታቸውን እንዲክዱ ቢገረፉም እሺ አላሉም፤ በሰንሰለት እንደታሰሩ ከዘማቹ ሠራዊት ጋር ሲጓዙ በ1855 አረፉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሰማዕት፣ ማለትም ስለ እምነቱ ሞትን የተቀበለ ምስክር፣ ብላ በ1926 ብፅዕናቸውን አወጀች። አቡነ ያዕቆብ በ1860 በሕመም ዐርፈው በ1975 ቅድስና ተሰጣቸው፤ በመከራ ያሳዩት ጽናት ከደቀ መዝሙራቸው ጽናት ተለይቶ ሊነገር አይገባም።

እናንተም በታሪክ ካርታችሁ ላይ ጎንደርንና ምጽዋን ፈልጉ፤ በመካከላቸው ያለውን መልክዓ ምድርም አጥኑ።