የጀልባ ሞተር የካምቢዮ ዘይት ወተት ሲመስል፡ ምልክቱ፣ መንስኤው እና መፍትሔው

በጣና ሐይቅ ዳርቻ እና በደሴቶቹ ለሚኖር አርሶ አደር ጀልባ የገበያም የሕክምናም መንገድ ነው። ሰው እና እህል የጫነ ጀልባ ሞተሩ ሐይቁ መካከል ቢቆም ተሳፋሪው በነፋስ እና በማዕበል እጅ ይወድቃል። አሮጌ ሞተሮችን ለእንዲህ ያለ አደጋ ከሚዳርጉ ብልሽቶች አንዱ ከዓይን ተሰውሮ ውኃ ውስጥ የሚጀምር ነው። እርሱም ውኃ ወደ ታችኛው ካምቢዮ መግባቱ ነው። ኾኖም ብልሽቱ ካምቢዮውን ከመስበሩ በፊት ምልክት ያሳያል።

ከጀልባ ኋላ የሚታሠር ሞተር ኀይሉን ቁልቁል በሚወርድ ሻፍት ወደ ታችኛው ካምቢዮ ይልካል። በዚያ ያሉት ጥርሶች ኀይሉን ተቀብለው ጀልባውን የሚገፋውን ፕሮፔለር ያሽከረክራሉ። ጥርሶቹ እና ኩሽኔታዎቹ እንዳይፋጩ የሚጠብቃቸው ዘይት ነው። ዘይቱ እንዳይወጣ፣ ውኃውም እንዳይገባ የሚያግዱት ደግሞ መካኒኮች «ኦይል ሲል» የሚሏቸው የጎማ ቀለበቶች ናቸው። በብዙ ሞተሮች በፕሮፔለሩ ሻፍት ላይ ሁለት ኦይል ሲሎች ጀርባ ለጀርባ ይገጠማሉ፤ አንዱ ዘይቱን ሲይዝ ሌላው ውኃውን ይመልሳል።

ሞተሩ ሲሠራ ካምቢዮው ይሞቃል፤ ሲቆም ደግሞ በሐይቁ ውኃ ይቀዘቅዛል። በዚህ ጊዜ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር፣ ኦይል ሲሉ ከላላ ውኃ ወደ ውስጥ ይሳባል። ከውኃ የተቀላቀለ ዘይት የማለስለስ ዐቅሙን ያጣል። ኩሽኔታዎች ይዝጋሉ፣ ጥርሶች ይቦረቦራሉ፣ በመጨረሻም ይሰበራሉ። በጊዜው ቢቀየር ኖሮ ብልሽቱን ያስቀር የነበረው ትንሽ ጎማ ሙሉ ካምቢዮ ያስለውጣል።

ምልክቱን ለማየት ሞተሩ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ማደር አለበት። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰፍራል። ጠዋት የታችኛው የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን በጥቂቱ ሲላላ ቀድሞ ውኃ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ፣ ውኃ እየገባ ነው። ቡሎኑ ማግኔት ካለው በላዩ የሚገኝ እንደ ዱቄት የላመ ብረት የተለመደ እርጅና ሲኾን፣ የብረት ስብርባሪ ከተገኘ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተጎዳ ስለኾነ ካምቢዮው ሳይፈታ ጉዞ መቀጠል አይገባም።

ዘይቱን መቀየር ብቻውን ጥገና አይደለም፤ የውኃው መግቢያ መገኘት አለበት። ፍለጋው ከቀላሉ ይጀምራል። በቡሎኖቹ ሥር ያሉት ማሸጊያ ሮንዴላዎች ዘይት በተቀየረ ቁጥር በአዲስ መተካት ይኖርባቸዋል። ቀጥሎ ፕሮፔለሩ ወጥቶ ሻፍቱ ይታያል። የዓሣ መረብ ክር ከፕሮፔለሩ ጀርባ ተጠምጥሞ ኦይል ሲሉን ሊቆርጠው ይችላልና ዓሣ በሚሰገርበት ሐይቅ ይህን በየጊዜው ማየት ይገባል። ከዚያ የሚቀሩት በውኃ ፖምፓው ሥር ያለው የቁልቁል ሻፍቱ ኦይል ሲል እና የማርሽ መለወጫው ዘንግ ማሸጊያ ናቸው።

መግቢያውን በርግጠኝነት የሚለየው የአየር ፍተሻ ነው። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ በቡሎኑ ቀዳዳ መለኪያ ባለው የእጅ ፓምፕ አየር ይሞላል። መጠኑ እንደ ሞተሩ ዓይነት ቢለያይም ለብዙዎቹ ከ0 ነጥብ 7 እስከ 1 ባር ነው። ሻፍቱ በእጅ እየተሽከረከረ የሳሙና ውኃ ሲረጭበት አረፋ የሚወጣበት ቦታ የቀዳዳው ቦታ ነው። በኮምፕሬሰር ያለመለኪያ መንፋት ግን ደኅናውንም ኦይል ሲል ገፍቶ ያስወጣል። አንዳንድ ኦይል ሲል ወደ ውስጥ ብቻ ስለሚያሳልፍ አየሩን በመምጠጥም መፈተሽ ይመከራል።

በአሮጌ ሞተር አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኦይል ሲሉ ለዓመታት የተፋተገበት የሻፍቱ ክፍል ቦይ ሊያወጣ ይችላል። ጥፍር ሲዳበስበት የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱም ኦይል ሲል ብዙ ሳይቆይ ያፈሳል። ስለዚህ ሻፍቱ መታደስ ወይም መቀየር አለበት። በዘይት ፋንታ ግራሶ መሙላትም መፍትሔ አይደለም፤ ግራሶ እንደ ዘይት ተዘዋውሮ ኩሽኔታዎቹን አያዳርስም።

ከጥገና በኋላ አዲሱ ዘይት የሚሞላው ከታችኛው ቀዳዳ ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ከተሞላ አየር ውስጥ ታምቆ ይቀራል። ዘይቱ በላይኛው ቀዳዳ ሲወጣ መጀመሪያ የላይኛው ቡሎን፣ ቀጥሎ የታችኛው ይዘጋል። የዘይቱ ዓይነት አምራቹ ያዘዘው መኾን አለበት። ለብዙ ሞተሮች ዘይቱ በየ100 ሰዓት ሥራ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየራል፤ ጥገና የተደረገለት ካምቢዮ ግን ከጥቂት ሰዓታት ጉዞ በኋላ ዳግም መታየት ይኖርበታል። ዘይቱ እንደገና ነጭ ከኾነ መግቢያው ገና አልተዘጋምና ጀልባው ሰው ጭኖ ከዳርቻ መራቅ የለበትም።

ውኃ የሚያስገባ ቀዳዳ ዘይትም ያስወጣል። የዓባይ መነሻ የኾነው ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ኾኖ ተመዝግቧል፤ ውኃውን የሚጠጡ፣ ዓሣውንም የሚመገቡ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ከካምቢዮ የወጣ አሮጌ ዘይት በጀሪካን ተጠራቅሞ ከሐይቁ መራቅ አለበት።